ዳለቻን ደጋግሞ የሚያማት ምንድን ነው?



በዚህ እትም ስለ አንዲት ድመት ልናወጋችሁ ነው። ነገሩ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከካምፓስ ውጪ ተከራይቶ የሚኖርም ሆነ ክረምቱን ፍኖተ ሰላም፣ ጂጋ፣ ማንኩሳ ወይም ሽንዲ ከወላጆቹ ጋር የሚያሳልፍ ሁሉ ቤቱ ድመት አታጣም። በቆሎ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ድመት አለች። ስትታመም ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር የለም። እኛም አናውቅም ነበር። ባለማወቃችን ልንገድላት ተቃርበን ስለነበር የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ ቡሬ ከተማ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አምስት ተማሪዎች ነን። በአጥሩ ውስጥ የአከራያችን ጎተራ አለ። ድመቷ አመድማ ስለሆነች ዳለቻ እንላታለን። የእሷ ናት የእኛ የሚለውን ማንም አልወሰነም፤ ቀን ጎተራው ሥር ታድናለች፣ ማታ እኛ ክፍል መስገጃ ላይ ትተኛለች።

ሕመሟ የጀመረው የዐረፋ ማግስት ነው። አስቀመጣት፣ አስመለሳት፣ በሦስተኛው ቀን ተሻላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰባት። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል እንዲሁ ሆነች፤ ይተዋታል፣ ይመለስባታል። ጎኗ ገባ፣ ጠጉሯ ቆመ። አከራያችን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ይቺ ድመት ዛሬስ እንዴት አደረች?» ይሉናል። እኛም የመሰለንን ሁሉ ሞከርን። ወተት ሰጠናት፣ ባሰባት። አንዱ ወንድማችን ከኪሱ ፓራሲታሞል አውጥቶ ግማሹን በውኃ ሊያሟሟላት ሲል ፋርማሲ የምትማር እህታችን በስልክ ጮኻ አስቆመችው። በመጨረሻ መስገጃው ለሦስተኛ ጊዜ ሲበላሽ «በማዳበሪያ ከተን በገበያ ቀን ራቅ አድርገን እንጣላት» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ከአምስታችን ሦስታችን ተስማምተን ነበር።

ያን ማታ ከዒሻ በኋላ አንዱ ወንድማችን ሁላችንም የምናውቀውን ሐዲስ አስታወሰን። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ድመት አስራ እስክትሞት ድረስ ስላስራበቻት ሴት የሚናገረው ሐዲስ ነው። ሴትየዋ የተቀጣችው አስራ ስታቆያት ስላላበላቻትና ስላላጠጣቻት፣ ራሷ ፈልጋ እንዳትበላም ስላልለቀቀቻት ነው። «እኛ ዳለቻን አላሰርናትም» አልን። እሱ ግን «ከእጃችን እንድትበላ አስለምደናት፣ በሰጠናት ነገር ታማ፣ አቅም ስታጣ ብንጥላት ከማሰር በምን ይለያል?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ለመጣል ሳይሆን ለማወቅ ተነሣን። የድመት ሆድ ደጋግሞ ሲታመም ብዙ ጊዜ ሰው «ተፈጥሮዋ ነው» ይላል። እኛ ያገኘነው ግን ሕመሙን የሚመልሰው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በእኛው ቤት፣ በእኛው እጅ ያለ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ደብተር

እንስሳት እርባታ የሚማር ጓደኛችን የመከረን የመጀመሪያው ነገር መድኃኒት ሳይሆን ደብተር ነው። ምን በላች? ስንት ሰዓት? መቼ አስመለሳት? ያስመለሳት ከበላች ወዲያው ነው ወይስ ከቆየች በኋላ? ዓይነ ምድሯ ውኃ ነው፣ ልጋግ አለው፣ ደም አለው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አለው? ይህን ሁሉ በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ አለን።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ራሱ ተናገረ። ተቅማጡ የሚብሰው ቅዳሜና እሑድ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ጓደኞቻችን ተሰብስበው ምሳ አብረን እንበላለን፤ የተረፈው የሰሐን ጥራጊ ሁሉ ለዳለቻ ይደፋላታል። ይህን ያለ ደብተር አራት ወር ሙሉ አላየነውም።

ድመት የእኛን ገበታ አትችልም

ሰው ሥጋም እህልም ይበላል። ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። አንጀቷ አጭር ነው። ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ እንጂ ከእህል አይገኝም። እንጀራ በሽሮ ሆዷን ይሞላል እንጂ አይመግባትም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሦስት ነገሮች በቀጥታ ይጎዷታል።

አንደኛው ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ስለዚህ የወጥ ትራፊ ለድመት ምጽዋት ሳይሆን ጉዳት ነው። በርበሬውና ዘይቱ በበኩላቸው ሆዷን ያስቆጣሉ።

ሁለተኛው ወተት ነው። ድመት ወተት ትወዳለች፤ እውነት ነው። ግን አብዛኞቹ ድመቶች ጡት ከጣሉ በኋላ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ይቀንስባቸዋል። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ ውኃ ይስባል፣ ተቅማጥ ይሆናል። ለሚያስቀምጣት ድመት ወተት መስጠት በእሳት ላይ ዘይት ነው።

ሦስተኛው ድንገተኛ ጥጋብ ነው። በእኛ አካባቢ የድመት ምግብ ወቅት ይከተላል። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሁዳዴ ሲጾሙ ለሃምሳ አምስት ቀን ያህል ሥጋና ወተት ከቤት ይጠፋል፤ ድመቷም ሽሮ ትበላለች። በፋሲካ በአንድ ቀን ጮማ ላይ ትወድቃለች። በእኛም ቤት ዐረፋ እንዲሁ ነው፤ በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባ፣ ጣፊያና ሞራ እየተቆረጠ ይወረወርላታል። ያልለመደ ሆድ በአንድ ቀን ስብ ሲሞላ ይታመማል። የዳለቻ የመጀመሪያ ሕመም የተነሣው ከዚህ ይመስለናል። ምግብ መለወጥ ካስፈለገ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ፣ አሮጌውን ከአዲሱ እየቀላቀሉ ነው።

ታዲያ ተማሪ ምን ያብላት? ውድ ነገር አያስፈልግም። ከሥጋ ቤት የሚገኝ ቁርጥራጭ ሥጋ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ። ታውሪኑ ሲቀቀል ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፤ ከሥጋው ጋር ስጧት። ሥጋ በማይገኝበት ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ይረዳል። ጉበት ጥቂት ብቻ፤ ዘወትር ከሆነ ቫይታሚን ኤው ይበዛባታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን በፍጹም አትስጧት፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር።

ትሉ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

የዓርቡን ትራፊና ወተቱን ስናቆም ዳለቻ በጣም ተሻላት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። አንድ ቀን በተኛችበት ጨርቅ ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ነገሮች አየን። ገሚሱ ይንቀሳቀሳል። የኮሶ ትል ቁራጭ ነበር። ዓይነ ምድሯን በላስቲክ አድርገን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድን። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሲያየው የወስፋት እንቁላልም አገኘበት።

ድመት ወስፋት የምትይዘው በእንቁላሉ ከተበከለ አፈር፣ ካደነችው አይጥ፣ ግልገል ሳለች ደግሞ ከእናቷ ወተት ጭምር ነው። የኮሶ ትል ደግሞ ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንደኛው ቁንጫ ነው፤ ገላዋን ስትልስ ትሉን የያዘ ቁንጫ ትውጣለች። ሁለተኛው አይጥ ነው። የኮሶ ትል ብቻውን ብዙ ጊዜ ከባድ ተቅማጥ አያመጣም፤ ወስፋት ሲበዛ ግን ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያከሳል።

መድኃኒት ተሰጣት፤ ዳነች። በወሩ ግን ሩዙ ተመለሰ። መድኃኒቱ አልሠራም ብለን አዘንን። ስሕተቱ ግን የእኛ ነበር፤ ትሉን ገድለን ቁንጫውን ትተነዋል። የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውኃ አጠብን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣን፣ የክፍሉን ወለልና የፍራሹን ሥር በየቀኑ ጠረግን። ባለሙያው እንደነገረን መድኃኒቱ ተደገመ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ አልሐምዱሊላህ። አይጥ የምታድን ድመት ግን ለዘለዓለም አትጸዳም። በዓመት ጥቂት ጊዜ በባለሙያ ምክር የትል መድኃኒት መውሰድ ይኖርባታል።

ጎተራው ውስጥ ያለው አደጋ

ይህን ክፍል በተለይ ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ አስተውላችሁ አንብቡት። በምዕራብ ጎጃም በቆሎን ከነቀዝ ለመጠበቅ ብዙ ገበሬ ፎስቶክሲን የሚባለውን እንክብል ይጠቀማል፤ ለአይጥም መርዝ ይደረጋል። እንክብሉ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ለአይጥ ከሚደረጉት አንዱ የሆነው ዚንክ ፎስፋይድም ሆድ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጋዝ ይፈጥራል። ማጥመጃውን የቀመሰች ወይም መርዝ የበላ አይጥ ያገኘች ድመት በድንገት ታስመልሳለች፣ ምራቋ ይዝረከረካል፣ ትንቀጠቀጣለች። ይህ የተለመደው የሆድ ሕመም አይደለም። በር መስኮቱን ክፈቱ፣ ትውከቱን ጎንበስ ብላችሁ አታሽቱ፣ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ከድመቷም በላይ ለሰው ፈሩ። ይህ እንክብል የተደረገበት በቆሎ ሰው በሚተኛበት ክፍል ወይም ከመኝታ ጋር በር በሚጋራ ጓዳ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ጋዙ ተኝተው ያሉ ሰዎችን ይገድላል። አከራያችን ዘንድሮ እንክብሉን ሊገዙ ሲያስቡ ይህን ነገርናቸው። ከግብርና ባለሙያ ጋር ተማክረው አየር የማያስገባውን ባለሦስት ንብርብር ከረጢት መረጡ። በውስጡ ኦክስጅን ስለሚያልቅ ነቀዙ ያለ ኬሚካል ይሞታል። ድመቷን አክማለሁ ብሎ የተነሣ ሰው የሰውንም ነፍስ ሊጠብቅ ይችላል።

ሲያማት ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ትልቅ ድመት አንድ ሁለቴ አስቀምጧት ነገር ግን ንቁ ከሆነችና ውኃ ከጠጣች ለጥቂት ሰዓታት ሆዷን አሳርፉ። ውኃ ግን አትከልክሏት። ከዚያ በጣት ቁንጥር ያህል የተቀቀለ ዶሮ ወይም ቀይ ሥጋ፣ ከፈለጋችሁ ከጥቂት ሩዝ ጋር፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ስጧት። ለሁለት ሦስት ቀን በዚህ ቆይታ ወደ ወትሮ ምግቧ ቀስ ብላ ትመለስ። ድመትን «ይጹም ሆዷ» ብሎ ለቀናት ማስራብ አይቻልም፤ ሁለት ሦስት ቀን ያልበላች ድመት ጉበቷ ሊታመም ይችላል። ግልገልን ደግሞ ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን አታስርቡ።

የሚከተሉትን ካያችሁ አትጠብቁ፦

- ደም ያለው ተቅማጥ ወይም ትውከት፣
- ውኃ እንኳ የማይረጋላት ከሆነ፣
- ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች፣
- ድዷ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣
- የጀርባዋ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ፤ ይህ የውኃ እጥረት ምልክት ነው፣
- ግልገል ከሆነች፤ ክትባት ያላገኙ ግልገሎችን በቀናት ውስጥ የሚጨርስ የአንጀት ቫይረስ አለ፣
- ምራቋ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ የሚያቅታት፣ ጠባይዋም የተለወጠ ከሆነ። እንዲህ ስትሆን የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን አፏ ውስጥ አታስገቡ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የሰው መድኃኒት፣ የበሬ መድኃኒት

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንዲት ድመት ልትገድል ትችላለች። ለሰው ተቅማጥ የሚሰጡ ማቆሚያዎችና የተረፉ አንቲባዮቲኮችም በግምት አይሰጡም። ለከብት የተሠራ የትል እንክብል በምላጭ ቆርሶ መስጠትም አደገኛ ነው፤ በሬው ሦስት መቶ ኪሎ፣ ድመቷ ሦስት ኪሎ ናት። ለቁንጫ ብሎ ለከብት መዥገር በሚረጨው ዲያዚኖን ማጠብም እንዲሁ፤ ገላዋን ስትልስ መርዙን ትጠጣዋለች።

የወረዳ እንስሳት ክሊኒኮቻችን በዋናነት የሚያገለግሉት ከብት፣ በግና ፍየል፣ ጋማ ከብትና ዶሮን ነው። ድመት ይዞ የሚመጣ ብርቅ ነው፤ እኛም ካርቶን ውስጥ አድርገናት ስንገባ ወረፋ የያዙ ገበሬዎች ስቀውብናል። ግን አትፈሩ። ባለሙያው መመዘን፣ ዓይነ ምድር ማየት፣ መጠኑን ማስላት ይችላል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እንስሳ ስለማይናገር የእናንተ ጽሑፍ የእሷ አንደበት ነው። ምግቡ ተስተካክሎ፣ ትሉ ታክሞ አሁንም ከቀጠለ የአንጀት ቁጣ ወይም ሌላ የውስጥ ደዌ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው እንደ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ ያሉ የእንስሳት ሕክምና የሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ሐኪሞችን ምክር ይፈልጋል።

ለእኛ ጤና፣ ለሰላታችን

የድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሕዋሲ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በአዲስ አበባ የጎዳና ድመቶች ላይ የተሠራ ጥናት ከ36 ድመቶች በ33ቱ ደም ውስጥ የዚህን ተሕዋሲ ምልክት አግኝቷል። ለጤነኛ ሰው ብዙም አያሰጋም፤ ለነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ግን ያሰጋል። ተሕዋሲው ለማስያዝ የሚደርሰው ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ውስጥ ስለሆነ አመዱን ወይም ሰጋቱራውን በየቀኑ ማጽዳት ትልቅ መከላከያ ነው። ነፍሰ ጡር እህቶች ይህን ሥራ ለሌላ ይተዉ። ጥሬ ሥጋም ለእሷም ለእኛም ተሕዋሲውን ስለሚያስተላልፍ መቀቀሉ ይሻላል።

«መስገጃ ላይ የምትተኛ ድመት ሰላታችንን ታበላሽብናለች ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ነበራችሁ። ሰሓባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለዉዱእ ከቀረበለት ውኃ ድመት እንድትጠጣ ዕቃውን እንዳዘነበለላት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በመካከላችን ከሚዘዋወሩት እንደሆነች መናገራቸውንም እንዳስተላለፈ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስለዚህ ምራቋም ገላዋም ችግር የለበትም። ትውከቷና ዓይነ ምድሯ ግን በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ነጃሳ ነው። የነካውን ቦታ እስኪጠራ ማጠብ በቂ ነው፤ መስገጃው አይጣልም፣ ድመቷም አትባረርም። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ክረምት ሲመጣ

ዳለቻ አሁን ደህና ናት። ጎኗ ሞልቷል፣ አይጧንም ታድናለች። ዓርብ ምሳ ላይ ግን አሁንም ሰሐን ሰሐኑን እያየች ትዞራለች፤ እንግዳ ሁሉ «አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋታል?» ይላል። እኛም ደብተሩን እናሳየዋለን።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን እንበተናለን። በየዓመቱ ተማሪ ሲለማመዳት የከረመች ድመት ባዶ ክፍል በር ላይ ትቀራለች። እኛ ዘንድሮ ከአከራያችን ጋር ተነጋግረናል። ከወር ወጪያችን ላይ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን ለክረምቱ የእንቁላልና የቁርጥራጭ ሥጋ ወጪዋን ትተንላቸው እንሄዳለን፤ የማይሰጣትንም በወረቀት ጽፈን ጓዳቸው በር ላይ ለጥፈናል። እሳቸውም አንብበው «ለካ ሽሮዬም አይስማማትም ኖሯል!» ብለው ሳቁ።

እናንተም ቤት አንዲት ዳለቻ ካለች ከመበተናችሁ በፊት ማን እንደሚያበላት ተመካከሩ። ከእጃችን እንድትበላ ያስለመድናት እኛ ነን፤ አማናዋም የእኛ ነው። አላህ ከአዛኞቹ ያድርገን።